የሞተ ካርድ መብራት ያበራልን? (የኔትወርክ ድራይቨር ችግር ፍለጋ በአርጆ)

ከነቀምቴ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ አርጆ ሲደርስ በመጀመሪያ የሚቀበለው ብርዱና ጉሙ ነው። አርጆ ከፍ ባለ ደጋ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ ከወረዳው በታች ደግሞ ሞቃቱ የዴዴሳ ሸለቆ ተዘርግቶ ይገኛል። ይህ የመሬት አቀማመጥ ለዓይን የሚያስደስተውን ያህል ለኤሌክትሪክ ዕቃ አይመችም። ክረምቱ ሊገባ ሲል ነጎድጓዱ ይበረታል፤ በአካባቢው ቋንቋ «በካካ» የሚባለው መብረቅ ዛፍም ቤትም ሳይለይ ይወርዳል።

በዚህች ከተማ ካሉ ትምህርት ቤቶች በአንዱ፣ በግንቦት ወር 2005 ዓ.ም.፣ ሁለት ቀናት ሙሉ ከ14 አሮጌ ኮምፒውተሮች ጋር ታግለናል። በመጀመሪያው ቀን ማታ 13ቱ ኮምፒውተሮች ከኔትወርክ አገልግሎት ውጭ መሆናቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ አዘጋጅተን ለመፈረም ብዕር አንሥተን ነበር። ብንፈርም ኖሮ እንሳሳት ነበር። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ስሕተቱ እንዴት እንደተፈጠረ፣ እንዴት እንደተገለጠ፣ እግረ መንገዳችንንም የኔትወርክ ካርድና ድራይቨር እንዴት እንደሚሠሩ ለመዳሰስ እንሞክራለን።

ነገሩ እንዲህ ነበር

ትምህርት ቤቱ 12 ኮምፒውተሮች በአንድ የኮምፒውተር ክፍል፣ 2 ደግሞ ከግቢው ማዶ ባለው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበሩት። ሁሉም ከውጭ አገር በእርዳታ የተገኙ፣ ያገለገሉ ፔንቲየም 4 ማሽኖች ናቸው። የኔትወርክ ካርዶቻቸውም አንድ ዓይነት፣ ሪልቴክ 8139 የተባለውን ቺፕ የያዙ ነበሩ። ይህ ቺፕ ርካሽ በመሆኑ በዓለም ዙሪያ እጅግ የተሰራጨ ነው፤ ከመርካቶ እስከ ነቀምቴ ባሉ የኮምፒውተር ጥገና ሱቆች ውስጥ ያልነበረበት ጊዜ አይታወሰንም።

በሚያዝያ ወር አንድ ሌሊት ከግቢው አጥር አጠገብ በነበረ ባሕር ዛፍ ላይ መብረቅ ወረደ። በነጋታው ኔትወርኩ ጸጥ አለ። ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው ስዊች ሽታው ሳይቀር ተቃጥሎ ተገኘ። ሌሊቱን በጥበቃ ላይ የነበሩት ሽማግሌ፣ ሁሉም «ኦቦ» እያለ የሚያከብራቸው፣ እሳቱ በገመዱ ላይ ሲሮጥ በዓይናቸው እንዳዩ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ በግቢው ውስጥ «ኮምፒውተሮቹን መብረቅ ፈጃቸው» የሚለውን የሚጠራጠር ሰው አልነበረም።

እኛ በዚያን ጊዜ የዶክትሬት ትምህርታችንን በውጭ አገር አጠናቅቀን ከተመለስን ገና ዓመት አልሞላንም ነበር። የትምህርት ቤቱ የአይሲቲ መምህርት በጓደኛ በኩል ብትጠይቀን አዲስ ስዊችና ዴቢያን የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ይዘን ሄድን። በኮምፒውተሮቹ ላይ የነበረው ዊንዶውስ ኤክስፒ በቫይረስ ተበልቶ ስለነበር ሥርዓቱን በአንድ ጊዜ ለመለወጥ አሰብን። ሊኑክስን በአንደኛው ኮምፒውተር ላይ ጫንን፤ አስተካከልን፤ ኢንተርኔት ሳያስፈልግ የሚነበብ የዊኪፔዲያ ቅጂ ጨመርን። ከዚያም የዚህን ኮምፒውተር ዲስክ እንዳለ ወደ ሌሎቹ 13 ዲስኮች ገለበጥን። ስዊቹን ተክለን ሁሉንም ስናስነሣ አንደኛው ኮምፒውተር ኔትወርኩን አገኘ። የተቀሩት 13ቱ ግን ካርድ የሌላቸው ያህል ሆኑ።

ለመሆኑ ድራይቨር ምንድን ነው?

በነቀምቴ ገበያ ኦሮምኛ ብቻ የሚናገር ገበሬና አማርኛ ብቻ የሚናገር ነጋዴ ሲገናኙ በመካከላቸው ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይቆማል። ድራይቨርም እንዲሁ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙና በካርዱ መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ፕሮግራም ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ «ይህን መረጃ ላክ» ይላል። ካርዱ ግን ይህን አይሰማም፤ እርሱ የሚያውቀው በውስጡ ባሉ ሬጂስተር በሚባሉ ትናንሽ የማስታወሻ ሣጥኖች ላይ የሚጻፉ ቁጥሮችን ብቻ ነው። የትኛው ቁጥር በየትኛው ሣጥን ላይ ሲጻፍ ካርዱ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቀው ድራይቨሩ ነው። ለምሳሌ 8139 ቺፕ የሚላክ መረጃ የሚቀመጥባቸው 4 ቦታዎች ብቻ አሉት። ድራይቨሩ አራቱን በየተራ እየሞላ፣ ካርዱም ልኮ ሲጨርስ በኢንተራፕት አማካይነት አንጎለ ኮምፒውተሩን እየጠራ ሥራው ይቀጥላል።

አስተርጓሚው ማንን እንደሚያስተረጉም የሚያውቀው በመታወቂያ ነው። እያንዳንዱ ፒሲአይ ካርድ የአምራቹንና የሞዴሉን ቁጥር በውስጡ ይዟል። ሊኑክስ ሲነሣ እነዚህን ቁጥሮች አንብቦ ለካርዱ የሚስማማውን ድራይቨር ይጠራል።

ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ በትርፍ ጊዜው የጀመረው ሥራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለዚህ ሥርዓት አያሌ የኔትወርክ ድራይቨሮችን የጻፈው በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት (ናሳ) ውስጥ ይሠራ የነበረው ዶናልድ ቤከር ነበር። እርሱና ቶማስ ስተርሊንግ እ.ኤ.አ. በ1994 16 ተራ ኮምፒውተሮችን በኤተርኔት አገናኝተው ቢዎልፍ የተባለውን የመጀመሪያ ርካሽ ሱፐር ኮምፒውተር ሠሩ። ዛሬ የፊዚክስ ሊቃውንት ለከባድ ስሌት የሚጠቀሙባቸው የኮምፒውተር ስብስቦች ከዚህ ሐሳብ ብዙ ተምረዋል። ሃይኩ የተባለው ሌላ የትርፍ ጊዜ ባለሙያዎች ሥርዓት ደግሞ የራሱን ድራይቨር ሁሉ ከባዶ ከመጻፍ ይልቅ ፍሪቢኤስዲ ከተባለ ሥርዓት እየተዋሰ ይሠራል። አስተርጓሚ ከጎረቤት እንደ መዋስ ማለት ነው።

ለፊዚክስ ሰው ደግሞ ኤተርኔት የሚለው ስም ራሱ ታሪክ አለው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብርሃን በሕዋ ውስጥ የሚጓዘው ኤተር በተባለ በማይታይ ነገር ውስጥ እንደሆነ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ማይክልሰንና ሞርሊ ባደረጉት ሙከራ ኤተርን ፈልገው አጡት። እ.ኤ.አ. በ1973 ሮበርት ሜትካልፍ ኮምፒውተሮችን የሚያገናኝበትን ዘዴ ሲያወጣ ስሙን ከዚሁ ከጠፋው ኤተር ወሰደ። የሌለ ነገር ስም ለሚሠራ ነገር ተሰጠ ማለት ነው። በአርጆ የገጠመን ነገር የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ የሚሠራ ነገር በስሙ ምክንያት እንደሌለ ተቆጠረ።

የመጀመሪያው ቀን

ከ13ቱ መካከል አምስተኛውን ኮምፒውተር መርጠን ምርመራ ጀመርን። የኔትወርክ ሁኔታን የሚያሳየውን ትእዛዝ ብንሰጥ ኮምፒውተሩ ከራሱ ጋር ከሚነጋገርበት መስመር በስተቀር ምንም አላሳየም። የመጀመሪያው ካርድ በሊኑክስ ዘንድ «ኢቲኤች0» ይባላል። ይህን ስም ጠርተን አድራሻ ልንሰጠው ብንሞክር «እንዲህ ያለ መሣሪያ የለም» የሚል መልስ መጣ።

የሥርዓቱን መዝገብ ከፍተን ስናነብ አንድ አስደንጋጭ መልእክት አየን። 8139ሲፒ የተባለው ድራይቨር «ይህ የእኔ ቺፕ አይደለም፤ ሌላውን ድራይቨር ሞክሩ» ብሎ ካርዱን አልቀበልም ብሎ ነበር። እኛም ነገሩን ያገኘነው መሰለን። ድራይቨሩን አወጣን፤ 8139ቱ የተባለውን ሌላ ድራይቨር በእጃችን ጫንን፤ ኮምፒውተሩን ደጋግመን አጠፋን፤ አበራን። ለውጥ አልመጣም። ስለዚህ መብረቁ ቺፑን በከፊል አቃጥሎት ማንነቱን መናገር እንዳቃተው ገመትን።

እውነታው ይህ ነበር። ሪልቴክ 8139 በሚለው መታወቂያ ቁጥር ሁለት የቺፕ ቤተሰቦችን አውጥቷል። የሚለያዩት የእትም ቁጥር በምትባል በሌላ አነስተኛ ምልክት ነው። ሊኑክስ ሁለቱንም ድራይቨሮች ይጠራል፤ የማይመለከተው «የእኔ አይደለም» ብሎ ይሄዳል፤ የሚመለከተው ይቀበላል። መልእክቱ የጤንነት ምልክት እንጂ የበሽታ አልነበረም። ይህንኑ ለማወቅ የሚሠራውን የአንደኛውን ኮምፒውተር መዝገብ ከፍቶ ማየት ይበቃ ነበር፤ ያው መልእክት እዚያም ተጽፏል። ለተማሪዎቻችን «ያለ ማነጻጸሪያ ሙከራ ሙከራ አይባልም» እያልን የምናስተምር ሰዎች የታመመውን ብቻ መርምረን ጤነኛውን ሳናይ ቀረን።

ከቀትር በኋላ ጥርጣሬን ይቆርጣል ወደተባለው ፈተና አለፍን። የአንደኛውን ኮምፒውተር ካርድ አውጥተን በአምስተኛው ላይ፣ የአምስተኛውን ደግሞ በአንደኛው ላይ ተከልን። ውጤቱ ጥርት ያለ ነበር። አምስተኛው ኮምፒውተር ወዲያውኑ ኔትወርኩን አገኘ፤ አንደኛው አጣ። በሌሎች ሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ደገምነው፤ ውጤቱ አልተለወጠም። ችግሩ ካርዱን ተከትሎ ይሄዳል። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ካርዶቹ ሞተዋል አልን።

ርእሰ መምህሩ በዝምታ አዳመጡን። 13 ካርድ መግዣ በዚያ ዓመት በጀት ውስጥ አልነበረም። አገልግሎት የማይሰጥ ንብረት ደግሞ ተመዝግቦ ወደ መጋዘን ይገባል፤ ወደ መጋዘን የገባ ኮምፒውተር ተመልሶ እንደማይወጣ ሁላችንም እናውቃለን። የአይሲቲ መምህርቷን «ባርሲስቱ» እያሉ የሚከተሏት ተማሪዎች በመስኮት በኩል ቆመው ያዩናል። ጽሑፉን አረቀቅን። «ዶክተር ካሉ እንግዲህ ምን እንላለን» አሉ ርእሰ መምህሩ። መምህርቷ ግን «ከመፈረማችን በፊት እስከ ነገ ቢቆይ» አለች። ጨለማውም ገፍቶ ስለነበር ተስማማን።

ሁለተኛው ቀን

በማግሥቱ ጠዋት ስንደርስ መምህርቷ ቀድማን ከአምስተኛው ኮምፒውተር ኋላ ተንበርክካ አገኘናት። ከተለመደው ሰላምታ በኋላ እንዲህ አለችን።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የሞተ ካርድ መብራት ያበራል እንዴ?»

ጎንበስ ብለን አየን። የካርዱ አረንጓዴ መብራት በርቷል። ከአንደኛው ኮምፒውተር ፒንግ ብላ መልእክት ስትልክ ያ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። በክፍሉ ውስጥ ያሉትን 12ቱንም አየናቸው፤ የሁሉም በርቷል። ቤተ መጻሕፍት ሄደን ስናይ ግን የሁለቱም ጠፍቷል።

ይህች መብራት ቀላል ነገር አይደለችም። ካርዱና ስዊቹ ግንኙነት ሲጀምሩ በየ16 ሚሊ ሰከንዱ ገደማ አጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶችን ይላላካሉ። አንዱ የሌላውን ምት ሲሰማ መብራቱ ይበራል። ይህን የሚሠራው ቺፑ ራሱ ነው፤ በተለምዶ ኮምፒውተሩ ኃይል ማግኘቱ እንጂ ድራይቨር መጫኑ አያስፈልገውም። ስለዚህ መብራቱ ሲበራ ገመዱ፣ ስዊቹና ከካርዱም ለገመዱ ቅርብ የሆነው ክፍል በሕይወት አሉ ማለት ነው።

መምህርቷ በዚህ አላበቃችም። የኔትወርክ ሁኔታን የሚያሳየውን ትእዛዝ «ሁሉንም አሳይ» ከሚል ተጨማሪ ምልክት ጋር ሰጠች። ያለዚህ ምልክት ትእዛዙ የሚያሳየው ሥራ የጀመሩትን ብቻ ነው። በማያው ላይ ካርዱ ታየ፤ ስሙ ግን ኢቲኤች0 ሳይሆን ኢቲኤች1 ነበር። መዝገቡን ዝቅ ብለን ስናነብ ከዚያ አስደንጋጭ መልእክት በታች ጥቂት መስመሮች ወረድ ብሎ «ኢቲኤች0 ወደ ኢቲኤች1 ተለውጧል» የሚል ቃል ተጽፏል። ትናንት ከመጀመሪያው አስደንጋጭ መስመር በኋላ ማንበባችንን አቁመን ነበር።

ስሙን ማን ለወጠው? እያንዳንዱ የኤተርኔት ካርድ 48 ቢት ርዝመት ያለው የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ የቁጥሩ የመጀመሪያ ግማሽ የአምራቹ፣ ሁለተኛው ግማሽ የካርዱ ነው። በዚያን ዘመን የነበሩ የሊኑክስ ሥርዓቶች አንድ ካርድ ባገኙ ቁጥር ይህን ቁጥርና የሰጡትን ስም በአንድ የደንብ ፋይል ውስጥ ይመዘግቡ ነበር። ዓላማው ካርዱ በተነሣ ቁጥር ስሙ እንዳይለዋወጥ ነው። እኛ ግን የአንደኛውን ኮምፒውተር ዲስክ ስንገለብጥ ይህን ፋይልም አብረን ገለበጥነው። አምስተኛው ኮምፒውተር ሲነሣ በፋይሉ ውስጥ «ኢቲኤች0 የአንደኛው ካርድ ስም ነው» የሚል ደንብ አገኘ። የራሱን ካርድ እንደ እንግዳ ቆጥሮ ቀጣዩን ስም፣ ኢቲኤች1ን ሰጠው። አድራሻው የተዘጋጀው ግን ለኢቲኤች0 ብቻ ነው።

መምህርቷ የንብረት መመዝገቢያ ደብተር ነበራት። በዊንዶውስ ዘመን የእያንዳንዱን ካርድ መለያ ቁጥር በእጇ ጽፋ ይዛ ነበር። ደብተሩን ከማያው ጎን ዘርግታ በጣቷ ስታነጻጽር፣ በ12ቱም ኮምፒውተሮች የደንብ ፋይል የመጀመሪያ መስመር ላይ ያለው ቁጥር የአንደኛው ኮምፒውተር ካርድ ቁጥር ሆነ።

አንባብያን እንግዲህ የትናንቱ ፈተና ለምን እንዳሳሳተን ይረዳሉ። የአንደኛው ካርድ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ቢተከል፣ በሁሉም ዲስኮች ላይ ስሙ ተመዝግቦ ስለሚጠብቀው ኢቲኤች0 ሆኖ ይሠራል። ሌላው ካርድ ወደየትም ቢሄድ እንግዳ ነው። ችግሩ በእርግጥ ካርዱን ተከትሎ ሄዷል፤ የተከተለው ግን ሕመም ሳይሆን ስም ነው። ካርድ ስንለዋውጥ የምንለውጠው ጤንነትን ብቻ መስሎን ነበር፤ ማንነትንም አብረን እየለወጥን ነበር።

ፋይሉን በየኮምፒውተሩ ሰርዘን ዳግመኛ አስነሣናቸው። እያንዳንዱ ፋይሉን በራሱ ቁጥር አዲስ አድርጎ ጻፈ። ከምሳ ሰዓት በፊት በክፍሉ ያሉት 12ቱም ኮምፒውተሮች ተገናኙ። ያን የተረቀቀ ጽሑፍ ርእሰ መምህሩ አጥፈው በመሳቢያቸው ውስጥ አስቀመጡት። አልቀደዱትም፤ ለምን እንዳስቀመጡት አልጠየቅናቸውም።

መብረቁስ ምን አደረገ?

ኦቦ ያዩት ነገር ሐሰት አልነበረም። የቤተ መጻሕፍቱ ሁለት ካርዶች በእርግጥ ተቃጥለዋል፤ ማሽኖቹ በፒሲአይ ዝርዝራቸው ውስጥ እንኳ አያዩአቸውም። ምክንያቱን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል።

የአንድ መብረቅ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት በተለምዶ 30,000 አምፒየር ገደማ ነው። ከ100 ሜትር ርቀት ላይ ይህ ፍሰት የሚፈጥረው መግነጢሳዊ መስክ 60 ማይክሮ ቴስላ ይሆናል፤ ይህም ከመሬት መግነጢሳዊ መስክ ጋር ተቀራራቢ ነው። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም አደጋው በፍጥነቱ ላይ ነው። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የተዘረጋው ገመድ 40 ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው ከመሬት 3 ሜትር ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ ከመሬቱ ጋር 120 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት ይሠራል ማለት ነው። መስኩ በ2 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ከዜሮ ተነሥቶ ወደ ከፍተኛው ቢደርስ በፋራዴይ ሕግ መሠረት በዚህ ቀለበት ላይ 3,600 ቮልት ይፈጠራል። የኤተርኔት ካርድ በመግቢያው ላይ ያለው መከላከያ ትራንስፎርመር ደግሞ እንዲቋቋም የሚጠየቀው 1,500 ቮልት ነው። በገመዱ ውስጥ ያሉት ጥንድ ሽቦዎች እርስ በርስ መጠምዘዛቸው በሁለቱ መካከል የሚፈጠረውን ልዩነት ያጠፋል እንጂ ጥንዱ በአንድነት ከመሬት አንጻር የሚያገኘውን ቮልቴጅ አያስቀርም። በአንድ ክፍል ውስጥ ያሉት አጫጭር ገመዶች ግን የሚሠሩት ቀለበት ትንሽ ስለሆነ ካርዶቻቸው ተረፉ፤ ስዊቹ ግን የረጅሙ ገመድ ጫፍ ስለነበር አልተረፈም።

እንግዲህ ሁለት ነገሮች በአንድ ሳምንት ተደራረቡ፤ የመብረቁ ጉዳትና የእኛ ግልበጣ። መብረቁ የሚታይ፣ የሚሰማ፣ ምስክር ያለው ነበር። የእኛ ስሕተት ግን ድምፅ አልነበረውም። ስለዚህ ሁለቱንም ጥፋት ለመብረቁ አሸከምነው።

ስድስቱ ጥያቄዎች

ከዚያን ቀን ወዲህ ኔትወርክ እምቢ ሲል ከገመዱ ተነሥተን ወደ ላይ፣ አንድም ደረጃ ሳንዘል እንጠይቃለን።

1ኛ፦ የካርዱ መብራት በርቷልን? ካልበራ ገመዱን፣ የስዊቹን ቀዳዳና ካርዱን በየተራ እንመረምራለን። ስለ ድራይቨር ለማሰብ ገና ነው።

2ኛ፦ ኮምፒውተሩ ካርዱን በፒሲአይ ዝርዝሩ ውስጥ ያየዋልን? ካላየው ካርዱን አውጥቶ፣ ጥርሱን አጽድቶ፣ በሌላ ቀዳዳ መትከል ነው። አሁንም ካልታየ ካርዱ መሞቱ ያመዝናል።

3ኛ፦ ድራይቨር ተቀብሎታልን? መዝገቡን እስከ መጨረሻው መስመር እናነባለን፤ ከሚሠራ ኮምፒውተር መዝገብ ጋርም እናነጻጽራለን።

4ኛ፦ ካርዱ ምን ስም ተሰጠው? የጠበቅነውን ስም ሳይሆን ያለውን ስም እንፈልጋለን።

5ኛ፦ አድራሻው ትክክል ነውን? አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒውተሩ አድራሻ የሚሰጠው አጥቶ ለራሱ ሰጥቷል ማለት ነው።

6ኛ፦ በመጀመሪያ ለራሱ፣ ቀጥሎ ለጎረቤቱ፣ በመጨረሻ ለሩቁ ፒንግ ሲደረግ መልሱ የሚቆመው የት ላይ ነው?

እኛ በመጀመሪያው ቀን ከሦስተኛው ጥያቄ ጀመርን። የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቀችው መምህርቷ ናት።

ከዚያ ወዲህ

እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አያሌ የሊኑክስ ሥርዓቶች ካርድን በመለያ ቁጥሩ ሳይሆን በማዘርቦርዱ ላይ ባለበት ቦታ ወደ መሰየም ተሸጋግረዋል። ስለዚህ ያ የደንብ ፋይል በዘመናዊዎቹ ሥርዓቶች ላይ አይገኝም፤ አሮጌ ማሽን ላይ የቆየ ሥርዓት የሚጠቀም ሰው ግን አሁንም ሊገጥመው ይችላል። ትምህርቱም አላረጀም። ካርድ ቀይረው «ሎካል ኤሪያ ኮኔክሽን 2» የሚል አዲስ ስም በዊንዶውስ ላይ ያዩ ሁሉ የዚህን ነገር ዘመድ አይተዋል። ቨርችዋል ማሽን የሚገለብጡ ባለሙያዎችም የአንዱ ማንነት ወደ ሌላው ሲዛወር የሚፈጠረውን ግርግር ያውቁታል። የሚገለበጥ ሥርዓት ከመገለበጡ በፊት የራሱን መታወቂያ ሊያስረክብ ይገባል።

የቤተ መጻሕፍቱን ሁለት ኮምፒውተሮች በተመለከተ፣ አዲስ ካርድ ገዝተን በዚያው ገመድ ላይ መልሰን ብንተክል የሚቀጥለው ክረምት ይወስዳቸው ነበር። ስለዚህ ገመዱን አወረድነውና የዊኪፔዲያውን ቅጂ በየራሳቸው ዲስክ ላይ እንዲያነብቡ ተውናቸው። በሕንፃና በሕንፃ መካከል መዳብ ከመዘርጋት ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ፋይበር ወይም ገመድ አልባ መሣሪያ መጠቀም ይመረጣል።

አንዳንድ ሰው «ኢንተርኔት በሌለበት ኔትወርክ ምን ይሠራል?» ይል ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት በወለጋ ዞኖች ኢንተርኔት ለሦስት ወራት ገደማ ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። በአንድ ግቢ ውስጥ ያለ ኔትወርክ ግን የውጭ መስመር አይጠይቅም፤ መጽሐፉም መልመጃውም በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ካለ ለሁሉም ይደርሳል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። አይጥ ጨብጦ የማያውቅ ተማሪና በኮምፒውተር ክፍል ዓመታትን ያሳለፈ ተማሪ በአንድ ፈተና ፊት እኩል አይቀመጡም። «ሞቷል» ተብሎ በችኮላ ወደ መጋዘን የሚገባ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ይህን ልዩነት ያሰፋዋል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ደብተሩን መዝረፍ ይሆንብናል። በዚያ ክፍል ውስጥ የዶክትሬት ዲግሪ የነበረን እኛ ነበርን። ደብተሩ ግን የመምህርቷ ነበር፤ ጎንበስ ብላ መብራቷን ያየችውም እርሷ ናት። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የመጀመሪያ ዓመት የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ትምህርታችንን ስንከፍት ለተማሪዎቻችን በመጀመሪያ የምናቀርበው ጥያቄ ከእርሷ የተማርነው ነው፤ የሞተ ካርድ መብራት ያበራልን?